ልጆቻችን ጫናንም ይለማመዱ፤ ለጎጃም የስፖርት ኃላፊዎችና አሰልጣኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፡- በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊ እና በባሕር ዳር ለምትገኙ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞችና የስፖርት መምህራን

ጉዳዩ፡- በልምምድ ሰዓታችን ውስጥ ለአእምሮ ዝግጅት ቦታ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እንደ እናንተው ከታዳጊዎች ጋር ሜዳ የምውል የስፖርት መምህር ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ልጆቻችንን ሩጫ እናሠራቸዋለን፣ ቅብብል እናሳያቸዋለን፣ ምት እናስተምራቸዋለን። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎባቸው፣ ውጤቱም በእነሱ እግር ላይ ወድቆ፣ እንዴት ረግተው እንደሚጫወቱ ግን አናለማምዳቸውም። ያንን ለብቻቸው ይወጡት ብለን ትተንላቸዋል። ይህ እንዲቀር ነው የምለምናችሁ።

በየውድድሩ የምናየውን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የዞን ውድድር ነበር። ጨዋታው አቻ አለቀና ፔናሊቲ ደረሰ። አምስተኛውን የሚመታው ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ልምምድ ላይ ሲመታ ያየው ሰው ይስታል ብሎ አይጠረጥርም። ከመሀል ሜዳ ወደ ኳሷ ሲራመድ ግን ሌላ ልጅ ሆነ። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። ኳሷን አስቀመጠ፣ አነሳት፣ መልሶ አስቀመጣት። ግብ ጠባቂውን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ሄደ። ፊሽካው እንደተነፋ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ሮጦ መታት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወጣች። ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ሰው «አንተ ወኔ ቢስ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ማልያውን ስቦ ፊቱን ሸፈነ። በቀጣዩ ሳምንት ልምምድ ላይ አልነበረም።

ያ ልጅ ወኔ አላጣም። ያጣው ልምምድ ነው። ሰው ሲጨነቅ ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይገተራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሌላ ነገር አለ። ልጁ ሳያስበው ይሠራው የነበረውን ነገር ድንገት መቆጣጠር ይጀምራል። እግሬን የት ላሳርፍ? ቁርጭምጭሚቴን እንዴት ላድርግ? ሺህ ጊዜ የመታት ኳስ አዲስ ትሆንበታለች። በዚያ ላይ «ብስትስ?» የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቱን ይሞላዋል። ቸኩሎ የሚመታውም ከዚያ ስቃይ ቶሎ ለመገላገል ነው። ጌየር ዮርደት የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ በትልልቅ ውድድሮች የተመቱ ፔናሊቲዎችን አጥንቶ፣ ፊሽካው እንደተነፋ ተቻኩለው የሚመቱ ተጫዋቾች ጊዜ ከሚወስዱት ይልቅ አብዝተው እንደሚስቱ አሳይቷል። እነዚያ በሚሊዮን የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። የእኛ ልጅ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ክሪኬት ልውሰዳችሁ። ጎጃምና ክሪኬት ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። እኔን ያገናኙኝ በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሕንዳውያን መምህራን ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቴኒስ ኳስ በፕላስተር ጠቅልለው ግቢው ውስጥ ይጫወቱ ነበር። እኛ ዳር ቆመን እናያለን፣ ሰው ሲያንሳቸው እንገባለን። ከዚያ ወዲህ ይህን ስፖርት በቅርብ እከታተላለሁ። የአእምሮ ጥንካሬን ነገር እንደ ክሪኬት በግልጽ ያሳየኝ ስፖርት የለም።

ምክንያቱ ከጨዋታው ተፈጥሮ ይመጣል። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ባት ይዞ ይመታል። በመካከላቸው 20 ሜትር ገደማ አለ። ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት በ140 ኪሎ ሜትር ሲለቃት መቺው ጋ የምትደርሰው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት አይቶ፣ ወስኖ፣ መምታት አለበት። ከተሳሳተና ከኋላው ያሉት ሦስት እንጨቶች ከተመቱ ወጣ፤ ከዚያ ሰዓታት ቁጭ ብሎ ሌሎች ሲጫወቱ ማየት ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች አንድ ኳስ ቢያበላሽ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ያገኛል። የክሪኬት መቺን አንዲት ስህተት ታስወጣዋለች። ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት ደግሞ እስከ አምስት ቀን ይሄዳል። ኦቨር ማለት ስድስት ኳስ ነው፤ በቀን 90 ኦቨር፣ ማለትም 540 ኳስ እንዲወረወር ይታቀዳል።

ያን ሁሉ ሰዓት አእምሮውን ወጥሮ የሚቆይ ሰው የለም። ስለዚህ ጎበዝ መቺ ትኩረቱን መክፈትና መዝጋት ይማራል። ወርዋሪው መንደርደር ሲጀምር ይከፍታል፣ ኳሷ ካለፈች ይዘጋል። ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ሲያደርግ ዓይኔን አላነሳበትም ነበር። ኳሷ ባለፈች ቁጥር ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ይሄዳል። የግራ ጓንቱን ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስራል። ቀና ብሎ ዛፎቹን ያያል። ይመለስና በባቱ ጫፍ መሬቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ ዓይኑ ወርዋሪው እጅ ላይ ያርፋል። ኳሷን አሳምሮ ቢመታትም ቢስታትም ያው ነው፣ አንዲት ነገር አይለውጥም። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው፣ ያለፈችውን ኳስ እዚያ ጎን ጥሏት እንደሚመለስ ነገረን።

ጫና ታላቅ ታናሽ አይልም። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በክሪኬት ታሪክ ወደር ያልተገኘለት መቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ባት ይዞ ሲገባ የዕድሜ ልክ አማካይ ውጤቱን 100 ለማድረስ 4 ነጥብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለተኛዋ ኳስ አስወጣችው። ምንም ነጥብ አላገኘም። አማካዩ 99.94 ላይ ቀረ።

የደቡብ አፍሪካ ቡድን ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለአሰልጣኞች የተጻፈ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከአውስትራሊያ ጋር ተገናኙ። በመጨረሻው ኦቨር ላይ ውጤቱ 213 ለ213 ነበር። አራት ኳስ ቀርቷቸው አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። መቺዎች በጥንድ ነው የሚገቡት፤ ነጥብ ለማግኘት ሁለቱም ሮጠው ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ሜዳ ላይ ያሉት ላንስ ክሉዝነርና አለን ዶናልድ የመጨረሻዎቹ ጥንድ ናቸው። አንዲት ኳስ ያለ ነጥብ አለፈች። በቀጣይዋ ክሉዝነር መቶ ሮጠ። ዶናልድ ኳሷን እያየ ቆመ። ሊነሳ ሲል ባቱ ከእጁ ወደቀ። አውስትራሊያውያን ኳሷን ተቀባብለው ከመድረሱ በፊት አስወጡት። ጨዋታው አቻ አለቀ፤ በቀደመው ዙር የተሻለ ውጤት የነበራት አውስትራሊያ ፍጻሜ ገባች። የዓለም ምርጥ የሚባሉ ሁለት ስፖርተኞች ናቸው በአንዲት ሩጫ ላይ መግባባት ያቃታቸው። ጉልበት አልጎደላቸውም።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ላይ «ጫና አይችሉም» የሚል ስም ተለጠፈ። ለዓመታት አልለቀቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአጭሩ ክሪኬት (እያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር የሚመታበት) ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በ30 ኳስ 30 ነጥብ ብቻ ሲቀራቸው በሕንድ በ7 ነጥብ ተሸነፉ። ሰው ሁሉ ያንኑ ስም ደገመው። ግን በዓመቱ፣ በሰኔ 2025፣ የረጅሙ ክሪኬት የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ያችኑ አውስትራሊያን ለንደን ላይ አሸነፉ። ኤደን ማርክራም 136 ነጥብ አስቆጠረ። አምበሉ ቴምባ ባቩማ የጭኑ ጅማት ታሞ፣ እያነከሰ፣ ሜዳ አልለቅም ብሎ 66 አመጣ። «አይችሉም» የሚለው ስም ሐሰት ነበር። እኛስ በየወረዳው ስንት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ስም ለጥፈን ይሆን?

ቤን ስቶክስን ሳልጠቅስ ባልፍ ደብዳቤዬ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮልካታ ላይ በተደረገው የአጭሩ ክሪኬት ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የእንግሊዝን የመጨረሻ ኦቨር የወረወረው እሱ ነው። ዌስት ኢንዲስ 19 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ካርሎስ ብራዝዌይት የመጀመሪያዎቹን አራት ኳሶች አከታትሎ ከሜዳው ውጭ ጣላቸው፤ እንዲህ ያለ ምት ስድስት ስድስት ነጥብ ነው። ዋንጫው ሄደ። ስቶክስ እዚያው ሜዳው ላይ ቁጢጥ አለ። ጓደኞቹ መጥተው አቀፉት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሳይወጣ 84 ነጥብ ያስመዘገበውና የጨዋታው ኮከብ የተባለው ይኸው ሰው ነው። ያ ጨዋታ 241 ለ241 አቻ አልቆ ወደ ተጨማሪ ኦቨር ሄደ። ኦቨሩን እንዲወረውር የተመረጠው ጆፍራ አርቸር የ24 ዓመት ልጅ ነበር። ከመወርወሩ በፊት ስቶክስ ጠጋ ብሎ፣ ቢሸነፉም እንኳ ያ ቀን ማንነቱን እንደማይወስን ነገረው። ይህን አርቸር ራሱ በኋላ ተናግሯል። አርቸር ወረወረ። ኒውዚላንድ 16 አስፈልጓት 15 ላይ ቀረች።

እስቲ የሜዳውን ዳር አስቡት። በዚያች ሰዓት አንድ ትልቅ ሰው «ዋ! ትስትና!» ብሎት ቢሆን ኖሮስ?

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉኝ። ጎጃም ይህን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን አስቡ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ጥግ ይዞ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ይነግራል። ቢሳሳት እዚያው ይታረማል። ነገ ደግሞ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመጣል። የትላንቱ አይሠራም። አጀማመሩን ደግሞ ልብ በሉት። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት። ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። በበዓል ቀን ካህናቱና ምእመኑ ፊት ቆሞ ቅኔ የሚያበረክተው ሰው ዝም ብሎ ደፋር ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። ሰው ፊት መቆምን በየዕለቱ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሲለማመድ ኖሯል። የዛሬ የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሰልጣኞችን የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ጫናን በልክ በልኩ እየጨመራችሁ አለማምዱ ይላሉ። አያቶቻችን በሠሩበት መንገድ ልጆቻችንን ሜዳ ላይ ማሳደግ አያቅተንም።

ሌላም ልማድ አለን። ልጆችን ማዘጋጀት ማለት ለእኛ ብዙ ጊዜ ማጋል ነው። ጨዋታ ሊጀመር ሲል እንጮኻለን፣ ቀረርቶ እናሰማለን፣ «ዛሬ ደምህን ስጥ» እንላለን። ቀረርቶና ፉከራ የምንኮራበት ሀብታችን ነው፤ ሲሰማ የማይነዝረው ጎጃሜ የለም። በትግል፣ በገመድ ጉተታ ይጠቅማል። የመረብ ኳስ ሰርቭ፣ የቅርጫት ኳስ ነጻ ውርወራ፣ ፔናሊቲ ግን የረጋ እጅና እግር ይፈልጋሉ። በነዚህ ሰዓት ልጁ የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚወጣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ነው። መቼ ማጋል፣ መቼ ማቀዝቀዝ እንዳለበት መለየት የአሰልጣኝ ሙያ ነው።

የሯጮቻችን ነገር ደግሞ ይለያል። የገበሬ ልጅ ለክለብ ምልመላ ስትሮጥ ስለ ሰዓቷ ብቻ አይደለም የምታስበው። እናቷ፣ የወንድሞቿ ትምህርት፣ «ሴት ልጅ ምን ሩጫ አላት» ያለው ጎረቤት፣ ሁሉም አብረዋት ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በሴቶች 10,000 ሜትር የጎጃሟ ውዴ አያሌው ነሐስ ስታመጣ፣ ከአንደኛዋ እስከ ሦስተኛዋ የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መሰለች መልካሙ ወርቁን በኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ የተቀማችው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ነበር። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው ነገሩ ያለቀው በመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ነው። በነዚያ እርምጃዎች ላይ የልጆቻችን ጭንቅላት የት እንዳለ ጠይቀናቸው እናውቃለን?

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገራችሁ። ልምምድ ሊያልቅ ሲል፣ ልጆቹ ደክመው ላብ በላብ ሆነው ሳለ፣ ቡድኑን በሙሉ መሀል ሜዳ አሰልፉ። አንድ ልጅ ብቻውን ወደ ኳሷ ይሂድ። የቀሩት ይጩኹ፣ ያፏጩ። ምቷ አንድ ብቻ ናት። ከሳተ ዛሬ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ነገ ይመጣል። የሳተውን የሚሰድብ ካለ እሱ ይውጣ። ጀማሪዎቹን መጀመሪያ ሦስት ጓደኛ ብቻ እያያቸው አስመቷቸው፣ ከዚያ ግማሽ ቡድን፣ ከዚያ ሁሉም፣ ከዚያ ወላጆች ባሉበት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሥርዓት ይያዝ። ኳሷን አስቀምጦ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ይወቀው። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ አንድ ትንፋሽ ይጠብቅ። እኔ ጋ ያለች አንዲት ተማሪ ከሰርቭ በፊት ኳሷን ሦስቴ መሬት ላይ ታነጥራለች፤ በሦስተኛው ላይ አፏን ክብ አድርጋ ትንፋሿን ታወጣለች። «ቲቸር፣ እሱን ሳደርግ ሰዎቹ አይታዩኝም» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ ስለ ስህተቱ እዚያው ሜዳ ላይ አታንሱ። ውሃ ይጠጣ፣ ልብሱን ይቀይር፣ ቤቱ ይግባ። በማግስቱ ወይ በቀጣዩ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ ምን እንዳሰበ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ያስተምራችኋል።

ከጽሕፈት ቤቶች የምጠብቀው ሌላ ነው። ለአሰልጣኞች በምታዘጋጁት አጭር ሥልጠና ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ቀን ለአእምሮ ዝግጅት ይሰጥ። ባለሙያ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስና የሥነ ልቦና መምህራን አሏቸው። የሕንድ የክሪኬት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ዋንጫን ሲያነሳ ፓዲ አፕተን የሚባል የአእምሮ ዝግጅት አሰልጣኝ አብሮት ነበር። እኛ ለየቡድኑ አንድ አንድ ይቀጠር አንልም። አሰልጣኙ ራሱ ሀሁውን ቢያውቅ ብዙ ነገር ይለወጣል። በታዳጊዎች ውድድር ደንብ ላይም አንዲት አንቀጽ ትጨመር፤ ልጅ የሚሰድብ ሰው፣ አሰልጣኝም ይሁን ደጋፊ፣ ከሜዳው ዳር ይነሳ። ዳኞችና ኮሚሳሮች ይህን የማስፈጸም ሥልጣን ይሰጣቸው።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። ሁሉም ዝምታ የጨዋታ ፍርሃት አይደለም። እንግሊዛዊው የክሪኬት ተጫዋች ማርከስ ትሬስኮቲክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሕንድ ጉዞ አቋርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰው በጤናው ምክንያት ነበር፤ በጭንቀትና በድባቴ እንደታመመ በኋላ በግልጽ ተናገረ። ያኔ እንዲህ ብሎ የሚናገር ስፖርተኛ ጥቂት ነበር። ስቶክስም በ2021 ለአእምሮ ጤናው ሲል ለወራት ከክሪኬት ርቋል። ብዙ ሰው አከበረው እንጂ አልናቀውም። የእኛም ልጆች ባለፉት ዓመታት ብዙ አሳልፈዋል። ከትምህርትም ከሜዳም ርቀው የከረሙ አሉ፤ የሚወዱትን ያጡ አሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው የራቀ ልጅ ስታዩ የምት ልምምድ አትጨምሩበት። ቤተሰቡን አነጋግሩ፣ ጤና ጣቢያ አድርሱት። አብራችሁት ሂዱ።

ክሪኬት ከእኛ ሩቅ መስሎ ለሚታየውም አንድ ልበል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ኡጋንዳ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የአጭሩ ክሪኬት ዓለም ዋንጫ ገባች። በመጀመሪያው ጨዋታ በአፍጋኒስታን በ125 ነጥብ ተደቆሰች። በሁለተኛው ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸነፈች። በዚያ ቀን የ43 ዓመቱ ፍራንክ ንሱቡጋ አራት ኦቨር ወርውሮ የሰጠው ነጥብ አራት ብቻ ነው፤ ሁለት መቺም አስወጣ። ከባድ ሽንፈት ደርሶበት በቀናት ውስጥ ረግቶ የቆመ ቡድን ነው። ክሪኬት በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም ይመለሳል። ፈቃዱ ካላችሁ እኔ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ፤ አንድ የቴኒስ ኳስ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርና አናጢ የሚጠርበው ሰሌዳ ይበቃናል። ለልጆች ትዕግሥትን ለማስተማር ከዚህ የረከሰ መንገድ አላውቅም።

ቀጣዩ የትምህርት ቤቶች ውድድር ከመጀመሩ በፊት በየዞኑ አሰልጣኞችንና የስፖርት መምህራንን አንድ ቀን ሰብስቡልን። የምጠቀምበትን የልምምድ ዕቅድ አባዝቼ ይዤ እመጣለሁ። ሌሎቻችሁም የሠራላችሁን አምጡ። ያ አምስተኛውን ፔናሊቲ የሳተ ልጅ በእናንተም ወረዳ አለ፤ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ሂዱና ወደ ልምምድ መልሱት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር
ከደብረ ማርቆስ